ጩምቦ ንቄ ቦንቦሊኖ ላይ ተያዝኩ

ዛሬ የደረሰብኝን ለጠላቴ አልመኝም። ኮሜንት ላይ «አካበድከው» ለምትሉኝ ለአንዳንዶቻችሁ ግን እመኛለሁ!

እንደምታውቁት እኔ የሚረጋ ዘይት ጠላት ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ አርግተው ስለሚሸጡልን ዘይት፣ ስለ ትራንስ ፋት፣ እዚህ ፔጅ ላይ ያልጮህኩበት ቀን የለም። ሕዝቡ ግን ይሰማል? ዘይቱ ጀሪካን ውስጥ ሲረጋ «ወፍራም ነው፣ ይበረክታል» ብሎ ደስ የሚለው አገር! ጠዋት ብስኩት፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ «ደረቴን ወጋኝ»። ታዲያ ምን ሊያደርግህ ኖሯል?

ላይክ የሚያደርጉኝም እነዚያው ናቸው። በአንድ እጅ ላይክ፣ በሌላው ሳምቡሳ!

ወደ ጉዳዬ።

ዛሬ የለሊሴ ወላጆች ምሳ ጠርተውኝ ነበር። ለሊሴ ላገባት የምፈልጋት ልጅ ናት። እኔ ከደብረ ብርሃን ነቀምቴ ለማስተማር የመጣሁ ሰው ነኝ፤ አያውቁኝም። አይተው ከወደዱኝ ሽማግሌ እልካለሁ። ካልወደዱኝ አለቀ።

ጨለለቂ ሰፈር፣ ቤታቸው ገባሁ። ተጸለየ። እናቷ አዴ ጫልቱ ጩምቦ አቀረቡ። ለማታውቁት፣ በቅቤ የራሰ ወፍራም የጤፍ ቂጣ ነው። ወለጋ ውስጥ ለክቡር እንግዳ ይቀርባል።

«ኛዱ ኢልማ ኮ! ብላ ልጄ!» አሉኝ።

እኔስ?

«አዴ፣ ቅቤው ንጹሕ ነው? ገበያ ላይ የሚረጋ ዘይት ይደባልቁበታል።»

በመጀመሪያ ቀን! በእናትየው ፊት!

አባቷ ኦቦ ቶለሳ ቀስ ብለው «ከገጠር፣ ከቢላ የመጣ ነው፣ ከጫልቱ ወንድም ላሞች» አሉ። ለሊሴ ከጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ። ይኼኔ አፍ ይዘጋል አይደል?

«ሲናጥ አይታችኋል?» አልኩ።

አዎ፣ ብያለሁ። አትሳደቡ፣ ራሴ ተሳድቤ ጨርሻለሁ።

ጎመን ብቻ ቆንጥሬ፣ ስለ ደም ስር መዘጋት ሌክቸር ሰጥቼ ተነሣሁ። አዴ ጫልቱ ሰሀኑን ሲያነሡ ቀና ብለው አላዩኝም።

ችግሩ ሆድ ነው። መናኸሪያው ጋ አንዲት ሴት ቦንቦሊኖ ትጠብሳለች። ዘይቱ ስንቴ እንደተጠበሰበት ፈጣሪ ይወቅ፣ ጠቁሯል። ለፖስት ፎቶ ላነሣው ነበር የቆምኩት፣ እውነቴን ነው! ከዚያ ሽታው መጣ። አንድ ገዛሁ። ደገምኩ።

አፌ ሞልቶ ሳለ ከኋላዬ «ልጄ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ኦቦ ቶለሳ!

ጩምቦውን ጠቅልለው ይዘው፣ እያለከለኩ። «ሳይበላ ሄደ፣ ይርበዋል ብላ እናትህ ጫልቱ ላከችኝ» አሉ።

መዋጥ አቃተኝ። መትፋትም አቃተኝ። ዘይቱ በአገጬ ይወርዳል።

እጄን አዩ። መጥበሻውን አዩ።

«እኔ የልብ ሕመምተኛ ነኝ» አሉ። «ለሊሴ የምትጽፈውን እያነበበችልኝ ቦንቦሊኖ ተውኩ። እንዴት እንደምወደው! አንተን አምኜ ነው የተውኩት።»



«ለሪሰርች ነው» አልኩ። አልኩ እኮ!

አልሳቁም። ጩምቦውን ለጠባሿ ዘረጉላት። «እንቺ፣ ብዪ ልጄ። እሱ ንጹሕ ነገር አይስማማውም» ብለው ተመለሱ።

እሷም እዚያው ፊቴ ቆርሳ ጎረሰች። ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ከዚያ መጥበሻውን እያማሰለች «ላንተስ ሌላ ልጨምርልህ?» አለችኝ።

ለሊሴ ስልኬን አታነሣም። አፍሬያለሁ፣ ከምሬ ነው። «አይሰማም» እያልኩ ሕዝቡን እየናቅኩ ኖሬ፣ ለካ አንድ ሰው ከልቡ ሰምቶኝ ነበር።

ነገ ይቅርታ ልጠይቅ እሄዳለሁ፤ ጾሜን ውዬ፣ የሰጡኝን ሁሉ ልበላ። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፣ እናንተ አዴ ጫልቱን ብትሆኑ በሩን ትከፍቱልኝ ነበር?