የገበየሁ የክርስትና ስም

መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ አማራሪ አይጠፋም። ተከታታይ መጽሐፍ ይይዛል፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ያማርራል፣ "ከእንግዲህ ወዲህ እጄ አይነካውም" ብሎ ይምላል፤ አዲሱ ክፍል በወጣ ዕለት ግን ሱቁ ሳይከፈት በር ላይ ቆሞ የሚገኘው እሱ ነው። ሌላው ከተማ የራሱን ይቻል። የእንጅባራ ድርሻ እትዬ እታለማሁ ናቸው።

እትዬ እታለማሁ ሠላሳ አራት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የወጡት ግን ከቢሮው ነው እንጂ ከሥራውስ አልወጡም። ቀይ እስክሪብቷቸው ከቦርሳቸው አይለይም። ያነበቡትን መጽሐፍ ሁሉ እንደ ክስ ፋይል ይመረምሩታል፤ ጉድለት ሲያገኙ ጠርዙ ላይ "መዝገቡ ይታይ" ብለው ይጽፋሉ። ሳይጻፍበት ያለፈ ገጽ ያየ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ የሚችለው ወንድማገኝ ነው። ከመናኸሪያው ጀርባ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ ይጠርዛል፣ የዳንግላዋ ልክየለሽ የምትጽፈውንም ተከታታይ መጽሐፍ ይሸጣል። የመጽሐፉ ነገር እንዲህ ነው። ፀጋነሽ የምትባል የቆሰበር ልብስ ሰፊ አለች። ባሏ ገበየሁ ሞቷል፤ ሞተ እንጂ አልሄደም። መንፈሱ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጦ በከተማው የጠፋውን ሁሉ ያስገኛታል፦ የተሰረቀ የንብ ቀፎ፣ ለፈረሰኞች በዓል ዋዜማ የተደበቀ ፈረስ፣ የዕድር ድንኳን። ደም አይፈስም፣ ሰው አይገደልም፤ መጨረሻ ላይ ሌባው ይቅርታ ጠይቆ አብሮ ምሳ ይበላል። ወንድማገኝ ጴንጤ ነው፣ የመዘምራን ቡድን አባል ነው፣ በሙት መንፈስ አያምንም። ለጠየቀው ሁሉ "እሸጠዋለሁ እንጂ አላነበውም" ይላል። አሥራ አንዱንም ክፍል ከባንኮኒው ሥር ደብቆ ጨርሷቸዋል።

የእትዬ እታለማሁ አቤቱታ ተቆጥሮ አያልቅም። ሌባው ሁልጊዜ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለፀጋነሽ ማር ይዞላት የሚመጣው ሰው ነው፤ እሳቸው ገጽ ሃያ ላይ ይይዙታል፣ ፀጋነሽ ግን ገጽ መቶ ሰማንያ ድረስ ማሩን እየበላች ትደነቃለች። ፖሊስ ጣቢያ የሚባል ነገር መኖሩንም የሰማች አትመስልም። መንፈሱ በክፍል ሦስት ውኃ መሻገር አይችልም ተብሎ፣ በክፍል ስድስት የዘንገናን ሐይቅ አቋርጦ ከች ይላል። "ይኼ ችሎት ፊት ቢቀርብ ያስቃል" ይላሉ። ገበየሁ ተናዶ በአዊኛ የሚሳደብባቸውን ቦታዎች ብቻ በቀይ አይነኳቸውም። አንድ ቀን ወንድማገኝ ይህንስ እንዴት ማሩት ቢላቸው፣ ስድቡ ትክክል ነው፣ ልክ እንደዚያ ነው የሚሰደበው ብለው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

ዋናው ክስ ግን የተዝካሩ ነው። ክርስቲያን ሰው ሞቶ፣ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ አርባው ሳይወጣ እንዴት መጽሐፍ ለመጽሐፍ ይንከራተታል? ክፍል ዘጠኝ ላይ ትዕግሥታቸው አለቀና ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ለነፍስ ይማር በሚሰጡት ስም ዝርዝር ውስጥ ገበየሁን ጨመሩት። ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁ። የክርስትና ስሙን! ዘጠኙንም መጽሐፍ ገልብጠው ገልብጠው አንድም ቦታ የለም። የክርስትና ስሙ ካልታወቀ ደግሞ ፍትሐቱ በማን ስም ይደረጋል? ቄሱ የምን ዘመድዎ ነው ሲሏቸው "የልብስ ሰፊ ባል ነው" ብለው ውልቅ አሉ። በማግስቱ ለልክየለሽ አራት ገጽ ደብዳቤ ጽፈው በወንድማገኝ እጅ ላኩ። ስሙን ንገሪን፣ ተዝካሩን አውጪለት፣ እምቢ ካልሽ አንባቢሽ አይደለሁም የሚል ነው። በክፍል አሥርም ደገሙት፣ በክፍል አሥራ አንድም ሠለሱት።

ባለፈው ሐምሌ ልክየለሽ ዝናቡን እያማረረች ከሚኒባስ ወረደች። የአሥራ ሁለተኛውን ክፍል ረቂቅ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች፤ ኮፒ እንዲነሳላት ነው የመጣችው። የመጨረሻው ነው አለች። ፀጋነሽ የገበየሁን የክርስትና ስም ከአሮጌ ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ታገኛለች፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ መንፈሱ ይሰናበታል፣ በቃ።

"ሴትየዋ አሸነፉኝ" አለች።

ወንድማገኝ ረቂቁን ተቀበላት። ገበየሁ ሊሄድ ነው! ማሽኑን ሊከፍት ሲል እትዬ እታለማሁ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም ነበርና አስተዋወቃቸው። እትዬ እታለማሁ እጃቸውን ለረቂቁ እንጂ ለሰላምታ አልዘረጉም። የቀርከሃው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እስክሪብቷቸውን አወጡ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ጀመሩ።

አለቀልሽ እህቴ ብሎ አሰበ ወንድማገኝ። እስክሪብቶው ግን ወረቀቱን አልነካም። ድንኳኑ፣ ካህናቱ፣ ጠላው፣ የነዳያኑ ማዕድ፣ ሁሉም በየቦታው ነው። እትዬ እታለማሁ የመጨረሻውን ገጽ ገለበጡት፣ ተመልሰው አዩት።

"ጉድለት የለውም" አሉ።

ልክየለሽ ደስ ብሏት ልታመሰግን ስትል ቀና ብለው አዩዋት።

"ደረሰን እንዲህ ነው የሸኘሁት።" ደረሰ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያረፉት ባላቸው ናቸው። "ሠልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውን፣ ሙት ዓመቱን፣ ሰባት ዓመቱን። አንድ አላጎደልኩም። እሱም በወጉ ሄደ። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ ተሳድቦ አያውቅም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ልክየለሽ በለሰለሰ ድምፅ፣ ተዝካሩ ይውጣ ያሉት እኮ እርስዎ ነዎት አለቻቸው።

"ብያለሁ። ማለት የእኔ ሥራ ነው፤ አለመስማት ያንቺ ነበር።"

ልክየለሽ ረቂቁን እሳቸው ጭን ላይ እንዳለ ወደኋላ ገለጠችና፣ ፀጋነሽ ጸሎት መጽሐፉን የምትከፍትበት ገጽ ላይ አቆመች። ስሙ መሐል ላይ ተጽፏል። እትዬ እታለማሁ ይህን ሁሉ ዓመት ሲፈርድ የኖረውን እስክሪብቶ ስሙ ላይ አሳረፉት፤ ፊደል የሚባል እስከማይታይ ድረስ ሰረዙት፣ ደግመውም ሰረዙት።

"ቄሱ ይጠይቁ፣ ፀጋነሽም ትፈልግ" አሉ ጃንጥላቸውን እያነሱ። "ለመዝገቡ ረጅም ቀጠሮ ስጪው።" በሩ ላይ ደርሰው ዞሩና፣ የውኃውም ነገር ገና ነው፣ መሻገር ይችላል ወይስ አይችልም፣ አንዱ ይለይ ብለው ወጡ።

ልክየለሽ ያን ቀን ኮፒ ሳታስነሳ ወደ ዳንግላ ተመለሰች፤ መጨረሻውን ልትቀይረው ነው። ወንድማገኝ አሁንም በሙት መንፈስ አያምንም። ስሙን ግን ሳይሰረዝ በፊት በትከሻቸው ላይ አሾልኮ አንብቦታል፤ ቄስም ቢመጣ፣ ጳጳስም ቢመጣ፣ አይናገርም።