ያለ ሽማግሌ የተቆረቆረ ከተማ

ሽማግሌ ያልተላከበት ነገር የማይዋጥለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የመካነ ሰላሙ ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ እንዲያ ናቸው። ልጃቸው ዘሃራ ከአቀስታ የመጣ አስተማሪ ብትወድ፣ "ሽማግሌ ሳይልክ!" ብለው ከለከሏት።

እኔም ቤታቸው ቁጭ ብለን ያነበብኩትን አጫወትኳቸው። ጥንት ግሪኮች በመርከብ መጥተው በፈረንሳይ ጠረፍ ያለውን የማርሴይ ከተማ የቆረቆሩት፣ የአገሬው ንጉሥ ልጅ በግብዣ መሃል ለመርከበኞቹ አለቃ ጽዋ ሰጥታ ባል አድርጋ ስለመረጠችው ነው ይባላል፤ እኔ አልጨመርኩም። አባትየውም መሬት ሰጡት።

"ያለ ሽማግሌ? ያ አላህ! ከተማውስ አልፈረሰም?"

"ዛሬም አለ። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሽማግሌ ከየት ያመጣል፣ ጋሼ?"

ዘሃራ ከጓዳ ብቅ አለች። "የእኔውስ ከየት ያምጣ፣ አባ? እዚህ አገር ለሁሉም ሽማግሌ ሆነው የሚላኩት እርስዎ ነዎት!"

ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ተቆጡ ብዬ ስሰጋ በሩ ተንኳኳ።

"ለሽምግልና ነው የመጣሁት፤ የቤቱ ባለቤት አሉ?" አሉ ጋሽ ሰይድ ከውጭ።