የካሣሁን ሰዓት በሰሙነ ሕማማት

ዕረፍት የማያውቅ ሰው በየአገሩ አንድ አይጠፋም፤ አዲስ ዕቃ የገዛ ዕለት ደግሞ አገሩን በሙሉ ዕረፍት ያሳጣል። የአርብ ገበያው ክቡር አቶ ካሣሁን እንዲህ ያለ ሰው ነው። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በቅሎውን ሸጦ ከደሴ የእጅ ሰዓት ይዞ መጣ።

«ሙላኝ አትልም!» አለ ገበያው መካከል ቆሞ። «ራሷን ነው የምትሞላው! ውስጧ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ብረት አለች፤ እጄ ሲወዛወዝ እሷ ትዞርና ሞላዋን ታጠብቃለች። ወይ ጥበብ!»

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሆነው ሰሙት። ሠላሳ ዓመት ጥላቸውን በእግራቸው እየለኩ የቅዳሴ ሰዓት ያወቁ ሊቅ ናቸው።

«እጅህ ካልተወዛወዘስ?» አሉት።

«ትቆማለቻ፣ የኔታ!»

«እንግዲያ ሰዓቱ አንተ ነህ» ብለው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ የካሣሁን እጅ አላረፈም። ሲጨብጥ የሰው ትከሻ እስኪወልቅ ይነቀንቃል። ሲያርስ ሰዓቷን ጅራፍ በሚይዝበት እጁ ያስርና በሬዎቹን ትቶ አየሩን ይገርፋል። የራሱን እህል አዝርቶ ሲጨርስ ባል የሞተባት የአሰለፈች አውድማ ሄዶ ገብሷን በመንሽ ሲያዘራላት ዋለ። ብትመርቀው «ለሰዓቷ ብዬ ነው» አላት። መሪጌታ ደጅ ሲደርስማ ማንም ሳይጠይቀው «ሦስት ሰዓት ከሩብ፣ የኔታ!» ይላል።

«ደንቆሮ አይደለሁም፣ አትጩህብኝ!» ይላሉ። እሱ ሲሄድ ግን ተደብቀው ጥላቸውን ይለካሉ። ልክ ነው፤ ይኼ ነው የሚያናድዳቸው።

የሕማማት ሰኞ ማለዳ ካሣሁን ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «የኔታ፣ በሰገድሁ ቁጥር እኮ ሰዓቷ ትሞላለች። የስግደቴን ዋጋ በምድር ተቀበልሁ ማለት አይደል? እስከ ትንሣኤ ያስቀምጡልኝ።» ፈትቶ ሰጣቸው። መሪጌታ ሊስቁ ነበር፤ ዓይኑን አይተው ተዉት።

ካሣሁን ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ሰገደ፤ ደጁ ጭር አለ። ማክሰኞ መሪጌታ ሰዓቷን ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉ ድምጿ ደከመባቸው። «በእኔ እጅ ልትሞት!» ብለው ደነገጡ። ግራ ቀኝ አይተው ከእጅጌያቸው ሥር አሰሯትና ሲሰግዱ ዋሉ። ረቡዕም፣ ሐሙስም እንዲሁ።

በስቅለት ዕለት ሰማዩ ዳመነ። ጌታ ነፍሱን የሰጠበት የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት እንዳያልፍ ካህናቱ ተጨነቁ። ሕዝቡ መሪጌታን ያያል፤ መሪጌታ ጥላ የሌለበትን መሬት ያያሉ። እጅጌያቸውን ቢገልጡ የሠላሳ ዓመት ክብራቸው በሰው ፊት ለአንዲት ሰዓት እጅ መስጠቱ ነው።

ካሣሁን ተጠጋቸው። «ምነው ባላወለቅኋት ኖሮ! እስካሁን ቆማለች፣ የኔታ» አለ፤ እንባው ቀርቧል።

መሪጌታ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሰዓቷ ትሄዳለች።

«የኔታ! የስግደትዎ ዋጋስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው። ይልቅ ስንት ቀረው?»

«ደረሰ! ደረሰ እኮ!»

«በል አንተው ንገራቸው። እንደ ልማድህ ጩኽ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጩኸትህ ናፍቆኝ ነው የከረመው።»

«ዘጠኝ ሰዓት!» አለ ካሣሁን፣ ከአርብ ገበያ ወዲያ ማዶ እስኪሰማ። ሕዝቡ በግንባሩ ተደፋ፤ ካሣሁንም ተደፋ። መሪጌታም ሰዓቷን እንዳሰሩ አጠገቡ ሰገዱ።