ኦቦ ዋጋሪ የፈረዱት ፊልም

ግርማዊነታቸው ለየአውራጃው ገዥ፣ ለየወረዳው ዳኛ ይሾማሉ፤ ፊልም አዋቂን ግን የሚሾመው ከተማው ራሱ ነው። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ሽረትም የለውም። ፊልም አዋቂ የሌለው ከተማ ካለ ገና ሲኒማ ያልገባለት ነው። ሲኒማ በገባ በሳምንቱ አንዱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ፣ "እሱ ፊልም እንኳ ያን ያህልም አይደል" ማለቱ አይቀርም።

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ የነቀምቴን ሹመት የያዙት የተከበሩ ኦቦ ዋጋሪ ነበሩ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። ሱቃቸውና የአቶ ተክለጻድቅ ሲኒማ ቤት አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፊልም ይታያል፤ እሑድ ሰው ከጸሎት ሲመለስ ያየውም ያላየውም በኦቦ ዋጋሪ በረንዳ ይሰበሰባል። ወጉ የሽምግልና ወግ ነው። ከታናሽ ተጀምሮ ሁሉም የመሰለውን ይናገራል፤ በመጨረሻ ኦቦ ዋጋሪ ይፈርዳሉ። ከእሳቸው በኋላ የሚናገር የለም።

አንዱ "ልጁ እንዴት ያለ መልከ መልካም ነው" ቢል፣ እሳቸው በከንፈራቸው የያዙትን ስፒል ሳያወጡ "መልኩን ተወው፤ ውስጡን እንይ" ይላሉ። የአንዱ ፊልም ሽፍታ የታወረው ግራ ዓይኑ ነው ቀኙ ተብሎ ክርክር ሲነሳ ደግሞ "ዓይኑ ምን አገባን? ሳቁን አልሰማችሁም? እንደዚያ የሚስቅ ሰው እናቱን ይሸጣል" ብለው ዘጉት። ስለ ካውቦይ ፊልም ያላቸው አስተያየት አጭር ነው፤ "ጥይት በዛ፣ ጨዋታ አነሰ።" የህንዱን ይወዳሉ። ህንድ ሲከፋው አይደብቅም፣ አውጥቶ ይዘፍነዋል ይላሉ።

መምህር በላይ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ሲመጣ ይህ ሹመት ያለ ተፎካካሪ የሚገባው መስሎት ነበር። አዲስ አበባ ሲማር ያላየው ፊልም የለም። እንግሊዝኛ ይሰማል። ጂኦግራፊ አስተማሪ ስለሆነ ቦምቤ የት እንዳለች መሬት ላይ ስሎ ማሳየት ይችላል። በመጀመሪያው እሑድ ስለ ሥዕሉ አነሳስ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ሰዉ በትሕትና አዳመጠው፤ ሲጨርስም "ገለቶማ፣ ባርሲሳ" ብሎ መምህሩን አመሰገነው። ከዚያ ዞር አለና "እሺ ኦቦ ዋጋሪ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?" አለ። አራት ወር እንዲሁ አለፈ። በላይን እንደዚህ ያንገበገበው ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ፊልሙ መሐል ላይ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣና በሱቁ ደጃፍ አለፈ። የልብስ ስፌት መኪናው ቆሟል። ኦቦ ዋጋሪ በርጩማቸውን ከግድግዳው አስጠግተው፣ ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ለጥፈው የካኪ ኮት ቁልፍ ይተክላሉ። በላይ ሲጋራው እጁ ላይ እስኪያልቅ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ጎን ወዳለው ሻይ ቤት ገሰገሰ።

"አዴ ድንቅነሽ፣" አላት ባለቤቲቱን፣ "ኦቦ ዋጋሪ እኮ ሲኒማ ቤት ገብተው አያውቁም።"

"የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደሉም እንዴ?" አለች ብርጭቆ እያለቀለቀች። "እንዴት ብለው ይገባሉ?"

"ታዲያ ያላዩትን እንዴት ይፈርዳሉ?"

"ዳኛስ ሌባው ሲሰርቅ አይቶ ነው የሚፈርደው?"

በላይ ምስጢር ያገኘ መስሎት ነበር፤ ለካ ምስጢሩን ያላወቀ ከከተማው እሱ ብቻ ነው።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ሳምንት አንድ የህንድ ፊልም መጣ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። ግማሽ ሰዓት እንደታየ የማሳያው አምፑል ተቃጠለ። ሥዕሉ ጠፋ፤ ድምፁ ግን አልቆመም። ሰዎቹ በጨለማው ውስጥ በህንድኛ ይነጋገራሉ፣ ይዘፍናሉ። አቶ ተክለጻድቅ መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ ነው ብለው ይቅርታ ሲጠይቁ ፉጨቱ በረታ፤ ወንበርም መንኳኳት ጀመረ።

ያን ጊዜ ከቆርቆሮው ወዲያ አንድ የረጋ ድምፅ መጣ። "ታኣ፣ ታኣ። ተቀመጡ እንጂ። ልጁ አሁን ወንዙን ሊሻገር ነው።"

ሰዉ ወደየወንበሩ ተመለሰ። ኦቦ ዋጋሪ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ ፊልሙን ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ያሳዩ ጀመር። እናቲቱ ልጇን ለጦር ሜዳ ሰጥታ ብቻዋን ቀርታለች፤ የምትዘፍነው ለእሱ ነው። አሁን ደብዳቤ መጣላት፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ይህ የምትሰሙት የፈረስ ኮቴ ነው፤ ልጁ ሌት ተቀን ይጋልባል። በላይ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ጨለማውን ያይ ነበር። በመጨረሻ በፊልሙ ውስጥ ጥይት ተንጣጣ፤ ሴቶች ጮኹ። "አይዟችሁ፣" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። "ጥይት ተተኩሶ ሴት እልል ካለች ሌላ ምን ይሆናል? ልጁ ገብቷል፤ ሰርጉ ነው።" አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። አዴ ድንቅነሽ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ገንዘቤን መልሱልኝ ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ፍርዱ ተሰጠ፤ ፊልሙ በነቀምቴ ከታዩት ሁሉ የሚበልጥ ተባለ። በላይ ግን አላስቻለውም። ከፍርዱ በኋላ ተነሥቶ ተናገረ።

"አባቶቼ፣ ይህ ፊልሙ አይደለም። እሳቸው ከራሳቸው የፈጠሩት ነው።"

ኦቦ ዋጋሪ ስፒሎቹን ከአፋቸው አንድ በአንድ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ።

"ፊልሙ ከዚህ ወዴት ነው የሚሄደው?" ሲሉ አቶ ተክለጻድቅን ጠየቁ።

"ጊምቢ። ቅዳሜ እዚያ ይታያል።"

"ሂድና እየው፣ ባርሲሳ። እንዳልኩት ካልሆነ ሁለተኛ ስለ ፊልም አፌን አልከፍትም። አንተ የምትለውን አምናለሁ።"

ያን ሳምንት በላይን ያገኘ ሰው ሁሉ ሰላምታውን አሳጠረበት። ልጆቿን ያስተማረላት አዴ ድንቅነሽ እንኳ ሻዩን ሳትጫወት ሰጠችው። እሱም እልኸኛ ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ በሎንቺና ተሳፍሮ፣ የዴዴሳን ሙቀትና አቧራ ችሎ፣ ከሰዓት በኋላ ጊምቢ ገባ። ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠ።

ሁሉንም አየ። ኮቴ የተባለው፣ አጣቢዎች ወንዝ ዳር ልብስ ከድንጋይ የሚያላጉበት ድምፅ ነው። ፈረስ በፊልሙ ውስጥ ዝር አላለም። ደብዳቤ የተባለው የዕዳ ክስ ነው። ጥይቱም የሰርግ ጥይት አልነበረም፤ ልጁ እናቱ ደጃፍ ላይ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ተመትቶ ወደቀ፤ እልልታ የተባለውም የሴቶች ዋይታ ነው። በላይ ሙሉ በሙሉ ረቷል። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ደስ ግን አላለውም። አጣቢዎቹን በዓይኑ ካየ በኋላ እንኳ ፈረሱ አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያለ ሲጠብቅ ፊልሙ አለቀ።

የጊምቢ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በላይ አንዱን አስቁሞ ፊልሙ እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀው። "ያው ነው፣" አለ ሰውዬው፣ "ልጁ ሞተ።" መንገዱንም ቀጠለ። የሚሰበሰቡበት በረንዳ አልነበራቸውም።

እሑድ ሎንቺናው ነቀምቴ ሲደርስ የኦቦ ዋጋሪ በረንዳ ሞልቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። በላይ አቧራውን ሳያራግፍ ወደዚያው ሄደ። መቀመጫ ለቀቁለት። ከታናሽ የሚጀመረው ወግ ዛሬ ቀረ፤ የሚናገረው ምስክሩ ብቻ ነው። ኦቦ ዋጋሪ በአፋቸው ስፒል አልያዙም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ለካ ያለ ሥራ ሲቀመጡ ያረጁ ሰው ናቸው። በላይ ይህን እስከዚያች ቀን አላስተዋለም ነበር።

"አካም ኦልተን፣" ሲል በላይ በኦሮምኛ ሰላም አለ።

"ነጋ፣ ደህና ነን። አየኸው?" አሉ ኦቦ ዋጋሪ።

"አየሁት።"

"እህ?"

በላይ መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አጣቢዎቹ፣ ክሱ፣ ሦስቱ እርምጃ፣ ሁሉም በተራ በተራው። አፉን ከፈተ።

"እንዳሉት ነው፣" አለ።

በረንዳው ተነፈሰ። አዴ ድንቅነሽ ግን ምስክር እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ አልነበረችም።

"ሰርጉስ? ልጁ እናቱ ዘንድ ገባ?"

"ገባ እንጂ። እናቲቱ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ጥይቱ ተተኮሰ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።" በላይ አሁን ሞቅ አለው፤ ነቀምቴ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ተደምጦ አያውቅም። "ልጁ ከሩቅ ሲመጣ ይታያል። በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ።"

"ነጭ አይደለም፣" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። "ዳማ ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ በላይ ዞረ። በላይ ሽማግሌውን አየ፤ ሽማግሌውም አዩት፣ ዓይናቸውን አላርገበገቡም።

"ዳማ ነው፣" አለ በላይ። "እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት።"