የመሪጌታ ካሣ የመመለሻ ማስረጃ

አንድ አገር ምን እንደሚፈራ ለማወቅ እንግዳውን የሚጠይቀውን ወረቀት ማየት ይበቃል። በሽታ የሚፈራው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይላል። ድህነት የሚፈራው የባንክ ደብተር። አንዳንዱ ደግሞ የሚፈራው እናንተኑ ነውና የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች ልደት ደርድሩ ይላል። የእኛ አገር ምን እንደሚፈራ እስካሁን አልገባኝም። ፈረንጁ ቦሌ ይወርዳል፣ ቪዛውን እዚያው ያስመታል፣ በማግስቱ ላሊበላ ነው። ጠበቅ ያለ ነገር የሚገጥመው አሸተን ማርያም ሲወጣ ነው፤ እዚያም ጫማህን አውልቅ ይሉታል እንጂ መቼ ትሄዳለህ የሚለው የለም።

ይህን ያስተማረኝ የጋዜጠኝነት ሥራዬ አይደለም፤ ጎረቤቴ መሪጌታ ካሣ ናቸው። ነገሩ የሆነው በኢሕአዴግ ዘመን ነው። መሪጌታ የዜማ መምህር ናቸው፤ ቀኝ ዓይናቸው ጠፍቶ ግራው እየደከመ ነበር። የአገር ቤት ሐኪሞች ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። ከተማችንን ላሊበላን ሊጎበኝ የመጣ አንድ አውሮፓዊ የዓይን ሐኪም ግን መረመራቸውና፣ አገሬ ከመጡ በነፃ አክማቸዋለሁ፣ ከዘገዩ ግን ግራውም ይሄዳል ብሎ ቀጠሮና የጥሪ ደብዳቤ ላከ። እኔም አጃቢ ሆኜ አብሬ አመለከትኩ።

ለኤምባሲው ቃለ መጠይቅ ሁለት ሳምንት አሠለጠንኳቸው። ሥልጠናው አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነበር፦ ይመለሳሉ ወይ? አዎ፣ እመለሳለሁ። ከዚህ የሚቀል አለ? መሪጌታ ግን «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» ሳይሉ አይመልሱም። ይቺን ለጊዜው ይተዋት ስላቸው ተቆጡ። «ብልባላ ገበያ ስወርድ ያልተውኳትን ባሕር ስሻገር ልተዋት? አንተ ሰውዬ፣ በነገ ላይ የሾመህ ማን ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ በላስታ ነገ እመጣለሁ ብሎ በዚያው የሚያበቃ ሰው ወይ ጎረምሳ ነው ወይ ካድሬ። ኤምባሲ ግን ላስታ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ማምለጫ ይቆጥረዋል ብዬ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «እሺ፣ በሆዴ እላታለሁ» አሉ። እፎይ አልኩ።

አዲስ አበባ ደረስን። በደንብ ስለማያዩ አብሬያቸው እንድገባ ፈቀዱልኝ። ቆንስሏ ከመስታወት ጀርባ፣ አስተርጓሚው አጠገቧ። ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪሙ ጠየቀች፤ ሁሉም በደህና አለፈ። ከዚያ ያቺው ጥያቄ መጣች።

መሪጌታ ዝም አሉ። በሆዳቸው እያሏት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ቆንስሏ የምታየው ግን የተጠየቀውን መመለስ ያቃተው ሰው ነው። አስተርጓሚው ደገመላቸው። ክርናቸውን ልነካ እጄን ስዘረጋ ቆንስሏ አየችኝ፤ ሰበሰብኩ። በመጨረሻ መሪጌታ «ልጄ፣ ሰው ነኝና ልዋሽሽ አልችልም፤ መመለሴን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው» አሉ። አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሳይቀንስ ተረጎመ። ቆንስሏ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ግራ ዓይናቸው እዚያው መስኮት ሥር የጠፋ መሰለኝ።

ታዲያ አገርዎ የሚያስመልስዎት ምን አለ? ብላ አስጠየቀች። የባንክ ደብተር የለ፣ የቤት ካርታ የለ። መሪጌታ ግን አላመነቱም። «መቃብሬ» አሉ። ቦታቸው ከአባታቸው ጎን በአጥቢያቸው ግቢ እንደተያዘ፣ አርባ ዓመት አብረው የጠጡት የሰንበቴ ማኅበርተኞች አፈር ሊያለብሷቸው ቃል እንደገቡ አስረዱ። «በሁሉም ቀብር ቆሜ ፍትሐት ሳደርስ ኖሬ ከራሴው ቀብር ልቅርባቸው? ምን ይሉኛል!» አሉ፤ ማስቀየማቸው ከወዲሁ እያሳፈራቸው። ቆንስሏ ብዙ አየቻቸው። ከዚያ ረዘም አድርጋ ጻፈች።

ተራው የእኔ ሆነ። የሥራ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር፣ የሦስት ልጆች ልደት፣ የቤት ካርታ፣ ሁሉንም በማኅተም አስደግፌ አቀረብኩ። ይመለሳሉ ወይ ስትለኝ አስተርጓሚው ሳይጨርስ «ያለ ጥርጥር!» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ፓስፖርታችን ተመለሰ። የመሪጌታ ቪዛ ተመትቶበታል። በእኔ ውስጥ ያለው ቁራጭ ወረቀት፣ የመመለስዎ ነገር አላሳመነንም ይላል።

የኤምባሲው በር ላይ ቆሜ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። መሪጌታ በዳበሳ ትከሻዬን አገኙና መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ፣ እዚያ ያለውን ሁሉ አይቼ እነግርሃለሁ፤ አንተ ትጽፈዋለህ» አሉኝ።