አፉ መዳብ ይሁንልኝ

[ቧንቧ ሠሪው መጋዝ ይዞ መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፤ ግን አልጀመረም። የእህቱ ባል፣ በከተማው ባንድ ሆርን የሚባለውን ጥምዝምዝ የነሐስ መለከት የሚነፋው፣ መሣሪያውን እንደ ታመመ ሕፃን በፎጣ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ «ሰፊውን አፉን ቁረጥና በመዳብ ተካልኝ» ካለው ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ቧንቧ ሠሪው በልቡ፣ «እህቴን ያገባ ሰው ባይሆን ይሄኔ ምሳዬን በልቼ ነበር» ይላል።]

ነፊው፦ ቁረጥ አልኩህ እኮ።

ቧንቧ ሠሪው፦ ጋሼ፣ ምኑም አያፈስም። ውሃ ሞልቼ አይቼዋለሁ።

ነፊው፦ ሆርኔ ውስጥ ውሃ ጨመርክ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ንጹሕ ነው። የሚጠጣ።

ነፊው፦ ማን ያፈሳል አለህ? ድምፁ ነው የሚሰነጠቅብኝ። ነገ ጠዋት የባንዱ አለቃ ይፈትነኛል። ነገም ከተሰነጠቀብኝ ወንበሬ ለሌላ ይሰጣል፤ እኔ ለሰው የኖታ ወረቀት አዳይ ሆኜ እቀራለሁ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ።

ቧንቧ ሠሪው፦ እህቴ ታውቃለች?

ነፊው፦ ጥፋቱ የነሐሱ እንደሆነ አስረድቻታለሁ።

ቧንቧ ሠሪው፦ እሷስ ምን አለች?

ነፊው፦ «ተለማመድ» አለች። ስለ ብረት ምን ታውቃለች ብለህ ነው።

ቧንቧ ሠሪው፦ እኔም አላውቅም መሰለኝ። እስቲ አስረዳኝ።

ነፊው፦ [እጅጌውን እየሰበሰበ] ስማ። ይሄ ቢጫ ነሐስ ነው። ዚንክ በዝቶበታል። ዚንክ ሲበዛ ድምፁ ይጮኻል፤ መዳብ ሲበዛ ይሞቃል፣ ይጠቁራል።

ቧንቧ ሠሪው፦ የሚጠቁረው ድምፁ ነው መዳቡ?

ነፊው፦ ድምፁ።

ቧንቧ ሠሪው፦ መዳቡም እኮ ይጠቁራል። ሎሚ ካላሸኸው።

ነፊው፦ ሎሚውን ተወው። ደግሞ ብረቱ ሲሳሳ ድምፅ ቶሎ ይወጣል፤ ሲወፍር ይከብዳል። ቫርኒሹም ድምፅ ያፍናል ይላሉ።

ቧንቧ ሠሪው፦ እነማን?

ነፊው፦ አዋቂዎች።

ቧንቧ ሠሪው፦ አዋቂው አንተ ነህ ብዬ።

ነፊው፦ እኔም እላለሁ።

ቧንቧ ሠሪው፦ ይሄ ሁሉ መጠማዘዝስ ለምንድን ነው? እኔ አንድ የቧንቧ ማጠፊያ ክርን ሳበዛ የቤቱ ባለቤት ይሳደባል።

ነፊው፦ ቢዘረጋ አራት ሜትር ግድም ነው፤ በመንገድ ይዘኸው አትሄድም። መነሻው ጠባብ ነው፤ እየሰፋ፣ እየሰፋ ይሄድና እዚህ ይከፈታል።

ቧንቧ ሠሪው፦ የተከፈተው ወደ ኋላ ነው። ሰሚው ከፊት አይደለም እንዴ?

ነፊው፦ ድምፁ የኋላውን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል።

ቧንቧ ሠሪው፦ እንግዲያው ግድግዳውም መዳብ መሆን አለበት።

ነፊው፦ [ሆርኑን ወደ ራሱ ስቦ እጁን ሰፊው አፉ ውስጥ ይከታል።]

ቧንቧ ሠሪው፦ እጅህንስ ለምን ትከትበታለህ? እኔ እጄን ቧንቧ ውስጥ የምከተው ሲደፈን ነው።

ነፊው፦ ድምፁን ለማለስለስ ነዋ። ይኸው፣ አንተን ሳስተምር ቀኑ መሸብኝ። ቁረጥ።

ቧንቧ ሠሪው፦ ጋሼ፣ «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ሲሉ ሰምተሃል። መዳብ መሆኑን በጆሮህ ብቻ ትለየዋለህ?

ነፊው፦ ዐይኔን ጨፍኜ። ስንት እጅ መዳብ እንደሆነ ሳይቀር።

ቧንቧ ሠሪው፦ እንግዲያው ዙር። ሁለት ነገር ልንፋልህ፤ ምን ምን እንደሆኑ ንገረኝ።

ነፊው፦ አንተ? ልትነፋ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ትንፋሽ የሰጠኝ አምላክ ይመስገን፤ የተደፈነ ቱቦ በአፌ ስከፍት ሃያ ዓመቴ ነው።

[ነፊው እየሳቀ ዞሮ ፎጣውን ዐይኑ ላይ ያስራል። ቧንቧ ሠሪው አንዱን ያነሣና ይነፋል። ረጅም፣ ክብ ድምፅ በመደርደሪያው ሁሉ ያስተጋባል።]

ነፊው፦ [ቀስ ብሎ] ይሄ መዳብ ነው። ከመቶ ሰማንያ አምስት። አየህ ሙቀቱን? ከየት አገኘኸው?

ቧንቧ ሠሪው፦ ከዚሁ ነው። ሁለተኛው መጣ።

[አፍ የሚገጠምበትን መንፊያ ነቅሎ ሌላ ነገር ላይ ይሰካል። ይነፋል። ይሄኛው ድምፅ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ግን ደረት ውስጥ ይገባል።]

ነፊው፦ ይሄስ ይለያል። ይሄ በድሮ ሰው እጅ፣ በትዕግሥት የተቀጠቀጠ ነው። ቫርኒሽ የሚባል አልነካውም። እኔ ዕድሜ ልኬን ስፈልገው የኖርኩት ይሄንን ነው፣ ዋርሳዬ። [አፍንጫውን በፎጣው ጫፍ ይጠርጋል።]

ቧንቧ ሠሪው፦ ፎጣውን ፍታው።

[ነፊው ፈትቶ ይዞራል። ሆርኑ ጠረጴዛው ላይ፣ እንደ መጣ፣ ቢጫ እንደሆነ ተቀምጧል። በቧንቧ ሠሪው እጅ ያለው አረንጓዴ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ነው፤ ጫፉ ላይ ዘይት የሚገለበጥበት ሾጣጣ ፕላስቲክ ተሰክቷል።]

ነፊው፦ የመጀመሪያውስ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ያንተው ነው።

ነፊው፦ ያ ሰማንያ አምስቱ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ያንተው ቢጫ። እጄን እንኳ አልከተትኩበትም፤ አልተደፈነማ።

ነፊው፦ እና ያ በትዕግሥት የተቀጠቀጠው ይሄ ነው?

ቧንቧ ሠሪው፦ መኪና ወጥቶበት ያውቃል። ርዝመቱን ግን አንተ እንዳልከው አራት ሜትር ግድም አድርጌዋለሁ።

[ነፊው በርጩማው ላይ ቁጭ ይላል። ሆርኑን ያያል፤ ቱቦውን ያያል። ቧንቧ ሠሪው፣ «ተመስገን፣ ገባው» ብሎ መጋዙን ሚስማሩ ላይ ሊሰቅል ሲል ነፊው ብድግ ይላል።]

ነፊው፦ ቁረጥልኝ።

ቧንቧ ሠሪው፦ አሁንም ሆርኑን?

ነፊው፦ ሆርኑ ምን አደረገህ? ከዚያ ቱቦ ለእኔም አራት ሜትር። ነገ እሱን ይዤ ነው የምገባው። አለቃው ይስማና ይፍረድ።

ቧንቧ ሠሪው፦ [ቱቦውን መለካት ጀምሮ] እሺ ጋሼ፣ ቱቦስ ሞልቷል። ነገ ግን ማን ይነፋልሃል?