ድምፅ የሚቀንሰው ቁልፍ

ኮምፒውተሩን አንድ ፋብሪካ፣ ኪቦርዱን ሌላ ፋብሪካ ሠርቶት ሁለቱ ይግባባሉ ብሎ የሚያምን ሰው የዋህ ነው። እኔ ያን ያህል የዋህ ነበርኩ። ኪቦርዱ ፊደል ሲያስጽፈኝ አንድ ቀን አሳስቶኝ አያውቅም። ታዲያ የድምፅ ማጉያ ምስልና የመቀነስ ምልክት በግልጽ የታተመበት ቁልፍ ድምፅ ይቀንሳል ብዬ ማመኔ ምን ያስወቅሰኛል? የሆነውን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተወዋለሁ።

እትዬ ዘነበች የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከታናሽ ወንድማቸው ከጋሽ መኮንን ጋር ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። አባታቸው ደሴ ሲሞቱ፣ እትዬ የመኖሪያ ወረቀታቸው ስላላለቀ ለቀብር መሄድ አልቻሉም። ጋሽ መኮንን በስልክ «አባትሽን በወረቀት ለወጥሽው» አሏቸው። በቃ፣ ሰባት ዓመት።

ባለፈው መስከረም የጋሽ መኮንን ልጅ ባለቤቴን ኮል አደረገቻት። አባቷ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገብተዋል፤ ሰኞ የልብ ኦፕራሲዮን ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ በፊት እህታቸውን ማየት ይፈልጋሉ። የእትዬ ጆሮ ደከም ብሏል፣ የስልክ ስክሪንም አይታያቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሬን፣ ስፒከሬንና ያን አዲስ ኪቦርድ መኪና ላይ ጭኜ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቤልትዌይ የሚሉትን ቀለበት መንገድ ይዤ ወረድኩ። ሁለት መንግሥታት ሊያስታርቅ የተላከ አምባሳደር ነበር የምመስለው።

እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እንዲሰማቸው ብዬ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። በቪዲዮ ደወልኩ፤ ጋሽ መኮንን ስክሪኑ ላይ ብቅ አሉ፤ ከስተዋል፤ የሆስፒታል ልብስ ለብሰዋል። ተያዩ።

«እንዴት ነህ?» አሉ እትዬ በመጨረሻ፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሉት።

«ደኅና። የራሴ ድምፅ እየተመለሰ ይጮህብኛል» አሉ ጋሽ መኮንን።

ቀንሱት ማለታቸው ነው። ማውዙን ከመፈለግ ቁልፉ ይቀርበኝ ነበርና በሙሉ ልብ ተጫንኩት። ድምፁ አልቀነሰም። የጋሽ መኮንን ፊት ግን ተንሸራቶ ከስክሪኑ ጠፋ! በምትኩ የኮምፒውተሬ ዋና ገጽ ላይ የለጠፍኩት፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ዓሣ ይዤ የምስቅበት የራሴ ፎቶ ተገተረ። በዚያች ሰዓት የኔን ሳቅ ማን ጠራው?

«መኮንን! ዘጋህብኝ?» ብለው እትዬ ጮኹ።

«አለሁ፣ አለሁ» አሉ ጋሽ መኮንን።

ድምፃቸው ብቻ። ቁልፉ ለካ በኔ ኮምፒውተር ላይ የተከፈተውን ሁሉ ገለል ማድረጊያ ነበር፤ ያንኑ ቁልፍ ብደግመው ፊታቸው እንደሚመለስ ገብቶኝ ጣቴን ዘረጋሁ። በዚህ መሀል እትዬ መናገር ጀመሩ።

«አባባ የሞተ ዕለት ሻንጣዬን አሰናድቼ በር ላይ አቁሜው ነበር። ከሄድሽ አትመለሺም አሉኝ፤ ፈራሁ። ሻንጣውን ሳልፈታ አርባው አለፈ። ፊትህን እያየሁ ይህን ልነግርህ አልችልም ነበር።»

ጣቴ አየር ላይ ቀረ። ቁልፉን አልተጫንኩም።

ከስፒከሩ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ወረቀቱ አልነበረም እኮ» አሉ ጋሽ መኮንን። «ብቻዬን መቅበሬ ነው ያንገበገበኝ። ክፉ ነገር ተናገርኩሽ። ይቅር በይኝ።» ድምፃቸው ቤቱን ሞላው። እላይ ፎቅ ያሉት ጎረቤቶች አማርኛ ቢያውቁ አብረው ያለቅሱ ነበር። እኔ ግድግዳውን እያየሁ ቆየሁ።

ሁለቱም የልባቸውን ተናግረው ሲጨርሱ ቁልፉን ደገምኩት። የጋሽ መኮንን ፊት ተመለሰ። እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና «እንኳን አላየኸኝ» አሉ።

«ማን ነው ያላየሽ? እኔ ጋ እኮ አንድም ጊዜ አልጠፋሽም» አሉ ጋሽ መኮንን።

ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። ጋሽ መኮንን ደሴ ገቡ፤ አሁን በየቅዳሜው ይደዋወላሉ። ባለፈው ቅዳሜ በአባታቸው ሐውልት ላይ ምን ይጻፍ በሚል ተጣልተው ተኮራረፉ። ይሄኛው ኩርፊያ ግን ከማክሰኞ አላለፈም። ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ራሳቸው ደወሉ። ለመታረቅ እንዳይመስላችሁ፤ ክርክሩን ለመጨረስ ነው።